መሳፍንት ያሰመረልኝ ጠርሙስ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ዘቢደር፣
ድሬዳዋ፣ ከዚራ

እትዬ፣ ሰላምታዬ ከጉልበትሽ ዝቅ ብሎ ይድረስሽ። እንዴት ከረምሽልኝ? ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ጉልበት እንዴት ሆነ? ግፊትሽስ ወረደልሽ? የዓይንሽን ጠብታ ሳትረሺ ታደርጊያለሽ? ጋሼ ታፈሰን ያ ደረቅ ሳል ለቀቃቸው? ፅዮናዊትስ ከሥራ ስትመለስ አሁንም በእግሯ ነው ወይስ ባጃጅ ማግኘት ጀመረች? የጥር ነፋስ ድሬንም ስለሚነካት ደረትሽን ሳትሸፍኚ በረንዳ ላይ አትቀመጪ።

በደብዳቤ ወግ ከዚህ ቀጥሎ «እኔ ደህና ነኝ» ተብሎ ይጻፋል። አምስት ወር ሙሉ በስልክ እንደዚያ ስልሽ ስለከረምኩ ዛሬ ያንን ቃል አልጽፈውም። ደህና አልነበርኩም። በስልክ ድምፄን አስተካክዬ መዋሸት ቀሎኝ ነበር። ወረቀት ላይ ግን እያንዳንዱን ፊደል ቀስ ብዬ ስለምጽፍ የምለውን ነገር አያለሁ፤ ሳየው ደግሞ እጄ ለውሸት እምቢ ይላል። ከስድስተኛ ክፍል በላይ እንዳልተማርኩ ታውቂያለሽ። ይህችን ደብዳቤ ከቅዳሜ ጀምሬ ዛሬ ሰኞ ነው የምጨርሳት። ስህተት ብታገኙባት እለፉኝ።

ፅዮናዊት ልጄ፣ ለእናትሽ የምታነቢላት አንቺ ስለሆንሽ አስቀድሜ አንቺን ይቅርታ ልጠይቅ። እዚህ ውስጥ አንድ አክስት ለእህቷ ልጅ ልትናገረው የማይገባ የሽንትና የደም ወሬ አለ። ሳትዘይ አንብቢላት። «እዚህ ላይ ታምሜ ነበር ትላለች» ብለሽ እንዳታሳጥሪው። ዘለሽ ስታነቢ እናትሽ ከፊትሽ ታውቅብሻለች። ጋሼ ታፈሰ አጠገባችሁ ካሉ ግን ዞር እስኪሉ ጠብቂ።

እትዬ፣ መሳፍንትን የቀበርሽው አንቺ ነሽ። እኔ እናቱ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። «የመውጫ ወረቀት ከለከሉኝ» አልኩሽ። ማንም አልከለከለኝም። ወረቀቴ መሳቢያ ውስጥ ነበር። በአርባውም ቀን ያንኑ ደገምኩልሽ፤ ያም ውሸት ነው። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠው ሰው «እናቱስ?» ሲልሽ ምን ብለሽ እንደመለስሽ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ስደውል ቃልሽ አጥሯል። «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። በይ ደህና ዋይ» ትይኛለሽ። አልፈርድብሽም። እኔም አንቺን ብሆን ከዚያ የበለጠ አልናገርም ነበር። አሁን የሆነውን ሁሉ ልንገርሽና ከዚያ በኋላ ፍርዱን ለአንቺ እተወዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ ላይ ነው። እንደምታውቂው ለወደብ ጸሐፊዎችና ለሾፌሮች ምሳ አበስላለሁ። የጅቡቲ ነሐሴ ምን እንደሆነ ደግሞ አንቺም አንድ ክረምት እዚህ ከርመሽ አይተሽዋል። ከጠዋት ጀምሮ ምድጃ ሥር ቆሜ እውላለሁ፤ የግቢያችን ሽንት ቤት ለስድስት ቤት አንድ ስለሆነና ወረፋውን ስለምጠላው ውሃ አልጠጣም። እንዲህ እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። አንድ ቀን ድስት እያማሰልኩ ግራ ጎኔን እንደ ቢላ ወጋኝና እዚያው ተቀመጥኩ። መሳፍንት ጭነት እስኪደርሰው ቤት ነበር። ተሸክሞ ታክሲ ውስጥ አስገባኝ።

ሐኪሞቹ ከኩላሊቴ የወረደ ጠጠር መንገድ ላይ ተቀርቅሮ ሽንቱን ዘግቶታል አሉ። ነሐሴ 28 ቀን አደንዝዘው ውስጤ ቱቦ አስገቡልኝ። እዚህ ሶንድ ይሉታል። እንደ ስፓጌቲ የቀጠነ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ አንዱ ጫፉ ኩላሊት ውስጥ፣ ሌላው ጫፉ ፊኛ ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከውጭ አይታይም። ሽንቱ በጠጠሩ አጠገብ እንዲያልፍ መንገድ ይከፍታል። ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 5 ቀን፣ ጠጠሩን ሊሰብሩልኝና ሶንዱን ሊያወጡልኝ ቀጠሩኝ።

የሚንከባከበኝ ነርስ አብዱላሂ ይባላል። ሶማሌ ነው፤ ግን ልጅነቱን ድሬ ስላሳለፈ አማርኛው እንደ እኛ ነው፣ እንደ ድሬ ልጅም ትልቁንም ትንሹንም «አንቺ» ነው የሚለው። አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ነገረኝ። «ሶንዱ ውስጥሽ እስካለ በቀን ሁለት ትልቅ ሃይላንድ ውሃ ትጠጫለሽ። ሽንትሽ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ ጠባዩ ነው፣ አትያዢው። በምትሸኚበት ጊዜ ጎንሽን ቆንጠጥ ያደርግሻል፤ እሱም ጠባዩ ነው። አንዳንድ ቀን ቀላ ብሎ ታዪዋለሽ፤ አትደንግጪ፣ አረፍ በይና ብዙ ጠጪ፣ ይጠራል። ጀሪካን አታንሺ። ትኩሳት ካንቀጠቀጠሽ፣ ደሙ እየረጋ ከወጣ፣ ወይም ሽንት ጭራሽ እምቢ ካለሽ ግን ቀን ነው ማታ ነው ሳትዪ ነይ። ቀኑን ደግሞ እንዳትረሺው። አላመመኝም ብለሽ የወጣልሽ እንዳይመስልሽ፤ ካልወጣ ራሱ ጠጠር ያበቅላል» አለኝ።

እኔ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር፤ የሰማው ግን መሳፍንት ነው። ስልክ ቁጥር ሲጠይቁም «እማዬ ምድጃ ላይ ስትሆን ስልክ አታነሳም፣ የእኔን ጻፉ» ብሎ የኢትዮጵያውን ቁጥሩን ሰጣቸው። ቤት እንደገባን ባለ ሊትር ተኩል ሃይላንድ አምጥቶ፣ የጭነት ካርቶን በሚጽፍበት ወፍራም ማርከር አራት መስመር አሰመረበት። ከላይ 2 ሰዓት፣ ቀጥሎ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ምሳ፣ ከታች 9 ሰዓት ብሎ ጻፈ። «ሰዓቱ ሲደርስ ውሃው መስመሩ ላይ መድረስ አለበት። 9 ሰዓት ላይ ትሞይውና እስከ ማታ ሁለተኛውን ትጨርሻለሽ» አለኝ። ጠርሙሱ ሥር «ጥቅምት 5 ይወጣል» የሚል አለበት። እኔ ስስቅበት «የእኔ መኪና ራዲያተር እንኳ ውሃው ሳይጎድል ይሞላለታል። አንቺ ከመኪና ታንሻለሽ?» አለኝ። ቤት በሚሆንበት ቀን ሁሉ ጀሪካኑን እሱ ነበር የሚቀዳው። መንገድ ላይ ሲሆን ደግሞ ይደውልና «ስንተኛው መስመር ላይ ነሽ?» ይለኛል። እንደምን አደርሽ ከማለቱ በፊት እሱን ነበር የሚጠይቀኝ።

እትዬ፣ ይቅርታ፣ ትናንት እዚህ ላይ ስደርስ አቁሜ ነበር። አሁን የአራት ሰዓቱን ጠጥቼ ተመለስኩ።

መስከረም 14 ቀን ጎህ ሲቀድ ዋለልኝ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሬን አንኳኳ። በራሱ መኪና አብሮት መንገድ የሚወጣው ዋለልኝ ነው፤ ይህችንም ደብዳቤ የሚያደርስልሽ እሱ ነው። በዚያ ሰዓት ሽማግሌ አስከትሎ የመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል። መኪናው እንደተገለበጠ የነገሩኝ ቆሜ ነው። የማታዬን ውሃ ሳልጨርስ ተኝቼ ስለነበር ጠርሙሱ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነበር፤ ውሃው ከ9 ሰዓቱ መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ። ሌላ የማስታውሰው ነገር የለም።

አንቺ ደውለሽ «ከአባቱ አጠገብ እናሳርፈዋለን፣ ቶሎ ድረሺ» አልሽኝ። ዋለልኝም «እማማ፣ አሁኑኑ ይዤሽ ልውጣ» አለ። ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ ልጻፍልሽ። መንገዱን አሰብኩ። ግማሽ ቀን ከወንዶች ጋር መኪና ላይ፣ በየግማሽ ሰዓቱ «አቁሙልኝ» እያልኩ፣ ቁጥቋጦ በሌለበት ሜዳ ላይ ስወርድ፣ ሳልደርስ ቀርቼ መቀመጫው ሲርስ፣ ያውም ቀላ ያለ ሆኖ። ልጄ ሞቶ እኔ ስለ ቀሚሴ አሰብኩ። «ወረቀት ከለከሉኝ» የሚለው ቃል ከአፌ የወጣው ያኔ ነው። ከዚህ በኋላ የምጽፍልሽ ሁሉ ከዚህ ይቀላል።

ለቅሶው እዚሁ ቤቴ ሆነ። የእኛ ሰው ደግ ነው፣ ጥሎኝ አልሄደም። ሴቶቹ ከእኔ ጋር ምንጣፍ ላይ፣ ወንዶቹ ግቢው ውስጥ ሸራ ሥር ተቀመጡ። ሐዘንተኛ እናት እንዴት እንደምትያዝ ታውቂያለሽ። ብድግ ስትል ራሷን ልትጥል ነው ብለው ቤቱ ሁሉ አብሮ ብድግ ይላል። እኔ የምነሳው ለሽንት ነበር። አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ ብብቴን ይዘው፣ ሦስተኛዋ «አይዞሽ ገበዬ» እያለች ከኋላ፣ እስከ ሽንት ቤቱ በር ያደርሱኛል። ሸራው ሥር ያሉት ወንዶች ወሬያቸውን አቋርጠው ይቆማሉ። እዚያ ገብቼ የምሸናት አንድ ማንኪያ ናት። ተመልሼ ገና ሳልቀመጥ እንደገና ይመጣብኛል። በአንድ ቀን ጠዋት ስድስት ጊዜ ግቢው ሙሉ ለሽንቴ ተነሳ።

«ሶንድ አለብኝ» ማለት አንድ ቃል ነበር። አላልኩም። በልጄ ለቅሶ ላይ ስለ ሽንቴ ላወራ አፈርኩ። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን፣ ካልገባ አይወጣም ብዬ፣ ውሃ መጠጣት አቆምኩ። ጠርሙሱን ከነውሃው ሻሽ ጠቅልዬ መሳፍንት አልጋ ሥር ከተትኩት። ስደብቀው የጽሕፈቱን ፊት ወደ ግድግዳ አዞርኩ።

ሴቶቹ «ጉሮሮሽን አርጥቢ» እያሉ ብርጭቆ ሲሰጡኝ ከንፈሬን አስነክቼ አስቀምጣለሁ። የለቅሶው አስተናባሪ ወይዘሮ አበሩ ይህን አይታ ለመጣው ሁሉ «ተመልከቱ፣ ልጇ ከሄደ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፏ አልዞረም። እናት ማለት እንዲህ ናት» ትላለች። እኔ አልቀብር ብዬ የቀረሁት እናት ያንን ምስጋና አጎንብሼ ተቀበልኩ። ለልጄ የለበስኩት ጥቁር ቀሚስም ጠብታ ስለማያሳይ ደግ ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኩት። እትዬ፣ ይህን ከማንም ሰው ፊት ቆሜ ልናገረው አልችልም። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

ሽንቴ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ደም መሰለ፣ ከዚያ እየጓጎለ መጣ። አብዱላሂ «ነይ» ያለኝ እንዲህ ሲሆን እንደነበር አልረሳሁም። ሰባተኛው ቀን ይለፍ ብዬ ጠበቅኩ። በስምንተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ ብርድ ብርድ አለኝና ጥርሴ መንቀጫቀጭ ጀመረ። ሴቶቹ «ሐዘኑ ነው፣ ይውጣላት» አሉ። እኔም ሐዘን ነው አልኩ። ከጎኔ ክፍል የምትከራይ ፀዲ የምትባል ልጅ አለች፤ ሐኪም ቤቱ ውስጥ በወላዶች ክፍል ጽዳት ትሠራለች። ለማልቀስ አንገቴን ስታቅፈኝ ብድግ አለችና «ይቺ ሴትዮ እየነደደች ነው፣ ይሄ ለቅሶ አይደለም፣ ታክሲ ጥሩ!» ብላ ጮኸችባቸው። ያረጠብኩትን ልብስ ገላልጣ የቀየረችልኝም እሷ ናት። በእድሜዋ ከፅዮናዊት ታንሳለች።

ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። የሽንቱ መርዝ ደሜ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሐኪሙ አንድ ቀን ብዘገይ ኖሮ የሚያደርጉት እንደሌለ ለፀዲ ነግሯታል። አብዱላሂ ሲያየኝ ተቆጣ። «ሁለት ሃይላንድ አልኩሽ እንጂ ሁለት ብርጭቆ አልኩሽ? የድሬ ልጅ ናት ብዬ ባምንሽ!» አለኝ። ከዚያ «ያ መስመር የሚያሰምረው ልጅሽስ? ለምን አልተቆጣጠረሽም?» ብሎ ጠየቀኝ። ፀዲ ነገረችው። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። በኋላ ብርጭቆውን ራሱ ያዘልኝና «አልቅሺ፣ ማን ከለከለሽ። ኩላሊትሽ ግን ለቅሶ መሆኑን አያውቅም። ጠጪና አልቅሺ» አለኝ።

ስወጣ መድኃኒቱን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ እንድውጥ አዘዙኝ። የጠጠሩንና የሶንዱን ቀጠሮ ለጥቅምት 24 አዛወሩት። ያ ደግሞ ከአርባው ማግስት ነበር። እዚህ ጋ ነው ሁለተኛው ጥፋቴ። ለአብዱላሂ «የልጄ አርባ ነው፣ ድሬዳዋ እሄዳለሁ፣ ስመለስ እመጣለሁ» አልኩት። ለአንቺ «ወረቀት ከለከሉኝ» አልኩሽ። ለፀዲ ደግሞ ሄጄ አወጣለሁ አልኳት። በአርባው ቀን በሬን ዘግቼ ቤቴ ተቀመጥኩ። በማግስቱ ፀዲ እንድታየኝ ማለዳ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁና፣ አባታችን ይሠራበት በነበረው በድሮው ባቡር ጣቢያ አጥር ጥላ ሥር ዋልኩ። ማታ ስመለስ «ወጣልኝ» አልኳት። እልል አለችልኝ፤ ሾርባም ሠራችልኝ። ጠጣሁት።

ለምን ብለሽ ብትጠይቂኝ አርባው ላይ መምጣት የፈራሁት ቀብሩ ላይ ስላልመጣሁ ነው። ምን ፊት ይዤ ድንኳኑ ውስጥ እገባለሁ? ሐኪም ቤት ያልሄድኩበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ይህን ለአብዱላሂም አልነገርኩትም። ሶንዱ ሲገባልኝ በር ላይ ቆሞ የጠበቀኝ መሳፍንት ነበር። እሱ ያስጀመረኝን ነገር ሌላ ሰው እንዲጨርስብኝ አልፈለግኩም። በዚያ ላይ አያመኝም ነበር፤ ካላመመኝ ምን አለበት አልኩ። ያ ሁሉ ምክር በጆሮዬ እያለ።

ፅዮናዊት፣ ኅዳር ላይ «እኛ ጋ በቀረው በመሳፍንት ስልክ አንዲት ሴት በፈረንሳይኛ እያወራች ደጋግማ ትደውላለች» ብለሽኝ ነበር። እኔም «ተሳስታ ነው ልጄ፣ ዝጊባት» አልኩሽ። ተሳስታ አልነበረም። ቀጠሮዬን ልታስታውሰኝ የምትደውል የሐኪም ቤቱ ጸሐፊ ናት። ማን እንደሆነች ገና ስትነግሪኝ አውቄያታለሁ። በሞተ ልጄ ስልክ ሲፈልጉኝ ዝጊባቸው ያልኩ እኔ ነኝ።

ሁለቱ ውሸቴ የተገናኙት ከጥምቀት በኋላ ነው። አብዱላሂ ሶንድ ያለባቸውን ሰዎች ስም የሚጽፍበት ደብተር አለው፤ ያልተሰረዘው የእኔ ስም ሆነበት። ኮሪደር ላይ ፀዲን አግኝቶ «ጎረቤትሽ ከድሬዳዋ አልተመለሰችም?» አላት። እሷም «መች ሄዳ? ደግሞስ በጥቅምት አውጥታችሁላት የለም?» አለችው። በዚያው ቀን ከሥራ ሲወጡ ሁለቱም ከቤቴ መጡ። ፀዲ በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች። «ሾርባ ሠርቼልሽ ነበር እኮ» አለችኝ። አብዱላሂ ግን አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቁጭ ብሎ «በይ አሁን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለ። እንደ አንቺ አሁን፣ ሁሉንም ሰማኝ።

አልጋው ሥር ያለውን ጠርሙስ አወጣሁለት። ውሃው አሁንም አለ፣ ትንሽ አረንጓዴ ሆኗል። እንዳይጥለው ፈርቼ ጫፉን ይዤ ነበር። አልጣለውም። መስመሮቹን አንድ በአንድ አየና «ልጅሽ ከእኔ ይሻላል፣ እኔ ሰዓት አልጻፍኩልሽም ነበር» አለ። ከዚያ ሌላ ባዶ ሃይላንድ አስመጣና «ይሄ እዚሁ ይቀመጥ። መስመሩን ግን ወደዚህኛው ገልብጪው» አለኝ። በክር እየለካሁ ራሴ ገለበጥኩት። መስመሬ እንደ እሱ ቀጥ አላለም። ከሥሩ ጥር 28 ብዬ ጻፍኩ።

ጥር 28 የፊታችን ረቡዕ ነው። ራጅ አንስተውኝ ሶንዱ ላይ ነጭ ጠጠር ተጋግሮበት አሳዩኝ። በጊዜው ብመጣ ኖሮ በጥቂት ደቂቃ ተስቦ ይወጣ ነበር። አሁን ግን የተጋገረውን መጀመሪያ መስበር አለባቸው፤ በአንዴ ላይወጣ እንደሚችል፣ ኩላሊቱም ተጎድቶ እንደሆነ ከዚያ በኋላ እንደሚታወቅ ሐኪሙ ሳይደብቅ ነግሮኛል። ስለዚህ ከረቡዕ በፊት እውነቱ እጅሽ እንዲገባ ብዬ ነው የቸኮልኩት።

እትዬ፣ ባለፈው ሳምንት ፅዮናዊት የጎንሽ ውጋት እንደተነሳብሽ ነግራኛለች። አባታችንም ጎኑን ይዞ እንደሚያድር አትረሺውም። ከጉልበትሽ ነው እያልሽ አታልፊው፣ ሂጂና ታዪ። ሶንድ ካስገቡልሽም አትፍሪ፣ ሰው ይዞት ይኖራል፤ እኔን የጎዳኝ ሶንዱ አይደለም። ብቻ ጠጪ። ሲመጣብሽ ተነሺ፤ ለቅሶ ቤትም ሆነሽ፣ ሠርግ ቤትም ሆነሽ፣ ሰው አብሮሽ ቢቆምም ተነሺ። ቢጠይቁሽ ስሙን ጥሪላቸው። ቀኑን ደግሞ ፅዮናዊት ግድግዳ ላይ ትጻፍልሽ። ዋለልኝንም መክሬው ነበር። «ውሃ ከጠጣን በየመንገዱ መቆም ነው እማማ» ብሎ ሳቀብኝ። የመሳፍንትን ስም ጠርቼ ብቆጣው ሳቁ ጠፋ። ከቤታችሁ ሲደርስ ሁለት ብርጭቆ ሳይጠጣ እንዳትለቂው።

አንድ ልመና አለኝ። መጋቢት 14 የመሳፍንት መንፈቅ ነው። ረቡዕ ደህና ከወጣሁ፣ ሐኪሙ መንገድ ከፈቀደልኝ፣ ልመጣ እፈልጋለሁ። በባቡርም ቢሆን፣ በዋለልኝ መኪናም ቢሆን፣ በየሜዳው እየወረድኩም ቢሆን። ነገር ግን በርሽ ላይ ቆሜ ነው የምጠይቅሽ፤ ግቢ ካላልሽኝ አልገባም። ለሰው ምን ብለሽ እንደምትነግሪ አትጨነቂ። እውነቱን ንገሪያቸው። «በሽንቷ አፍራ ልጇን ሳትቀብር ቀረች» ብትይ ልክ ነው፣ አንድም ቃል አልጨመርሽብኝም። መልስሽን ለዋለልኝ ስጪልኝ። ረጅም አይሁን፤ «ነይ» ወይም «አትምጪ» ይበቃኛል። የመጣው ቢመጣ እቀበላለሁ።

ለጋሼ ታፈሰ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። የልጄን ሬሳ ተቀብለው፣ በሽምግልናቸው አፈር ያለበሱት እሳቸው ናቸውና እግራቸውን ስሜያለሁ። ፅዮናዊትን ሁለት ጊዜ ሳሚልኝ፤ አንዱ ስላነበበችልሽ፣ አንዱ ስለዋሸኋት። ጎረቤትሽን እንቁን፣ አርባው ላይ ብቻዋን ወጥ ስትሠራ እንዳደረች ሰምቻለሁ፣ እጇ አይጉደልብን በይልኝ። የግቢውን ሰው፣ «እናቱ የት አለች» ያለውንም ጭምር፣ በስሙ እየጠራሽ ሰላም በይልኝ። ያለው ትክክል ነው።

መቃብሩ ጋ ስትሄጂ ደግሞ ለመሳፍንት ሰላምታዬን ብቻ አድርሺለት። ምክንያቴን ግን እንዳትነግሪው። ራሴ መጥቼ እነግረዋለሁ።

ታናሽ እህትሽ ገበያነሽ
ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ዱ
ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ የ9 ሰዓቱ መስመር ላይ